የጥንድ ጎማ መቀነስና የጭነት ልክ

የኋላ ጎማው በየጎኑ ጥንድ የሆነውን ፒክ አፕ ወደ ነጠላ ጎማ መለወጥ በአሜሪካ የታወቀ ሥራ ነው። ፎርድ ኤፍ 350ም ሆነ ራም 3500 ከፋብሪካው በሁለቱም ዓይነት ስለሚወጣ፣ ባለ ጥንዱን የገዛ ሰው የጎረቤቱን ባለ ነጠላ አይቶ ቢመኝ አያስደንቅም። ምኞቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ስድስት ጎማ በመግዛት ፈንታ አራት መግዛት ወጪ ይቀንሳል፤ ሰፊው የኋላ ፓራፋንጎ በጠባብ መንገድ ያስቸግራል፤ መኪናው ባዶውን ሲሄድም ክብደቱ በአራት ጎማ ስለሚከፋፈል ጭቃና በረዶ ላይ መሬቱን አጥብቆ አይዝም። በጥንዱ መካከል የተሰነቀረ ድንጋይ ለማውጣት ስንት ጊዜ እንደ ተንበረከከማ ሾፌሩ ይጠየቅ።

ሆኖም ሒሳቡን በጎማ ዋጋ ብቻ የሚዘጋ ነጋዴ ትልቁን ቁጥር ረስቷል። በጎኑ 120/117 ተብሎ የተጻፈበት ጎማ ነጠላ ሲሆን 1,400 ኪሎ፣ ጥንድ ሲሆን እያንዳንዱ 1,285 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። እንግዲህ አራቱ በአንድነት 5,140 ኪሎ ሲችሉ፣ ሁለቱ የሚችሉት 2,800 ብቻ ነው። የጎደለው 2,340 ኪሎ ባሌስትራ በመጨመር አይተካም። መኪናው በኋላ ጎማው ላይ የሚያሳርፈው የራሱ ክብደትም ከዚህ ላይ ገና አልተቀነሰም።

የውጭውን ጎማ ፈትቶ ማስቀመጥ ደግሞ ከቶ ለውጥ አይባልም። ጎድጓዳው ቸርኬ ከጓደኛው ጋር ጀርባ ለጀርባ እንዲገጥም የተሠራ ስለሆነ፣ የውስጡ ብቻውን ሲቀር ወደ ሻንሲው ይጠጋል፤ የመኪናው የኋላ እግር ይጠብና በመታጠፊያ ላይ ሚዛኑ ይጎድላል። የተሻለው መንገድ ለዚያው ሞዴል በነጠላ ጎማ የተሠራውን አክስል ከነሞዞውና ከነፍሬኑ ማስገባት ነው። የዲፈረንሻሉ የጥርስ ልክ ከቀድሞው ጋር መስማማቱንም አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል።

በኢትዮጵያ ጥንድ የኋላ ጎማ ይበልጥ የሚታወቀው እንደ አይሱዙ ኤንፒአር ባሉት የጭነት መኪኖች ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በዶላር የሚመጣ ጎማ በብር ሲተመን ስለ ከበደ፣ ሁለት ጎማ ለማትረፍ ማሰብ ለማንም ቅርብ ነው። ነገር ግን ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚያወርደው ቁልቁለት ከጥንዱ አንዱ ቢፈነዳ ሁለተኛው መኪናውን እስከ መንገዱ ዳር ያደርሰው ይሆናል፤ ነጠላው ሲፈነዳ ግን በዚያ በኩል የሚደግፈው የለም። ያን ጊዜ በጋቢናው ውስጥ ያሉት ሾፌሩና ረዳቱ እንጂ ጎማ ያተረፈው ባለ ንብረት አይደለም።

ቀላል ዕቃ ለሚያመላልስ ሰው፣ ለውጡ በብልሃት ከተሠራ ክፉ አይደለም። ክፉው ነገር የተለወጠውን መኪና እንዳልተለወጠ አድርጎ መሸጥ ነው። ሊብሬው የቀድሞውን የጭነት ልክ እየተናገረ፣ ገዢውም በዚያው ታምኖ እህል ሲጭንበት፣ ይህ ሚዛን ከማጉደል በምን ይለያል? አዲሱ የጭነት ልክ በሽያጩ ውል ላይ በኪሎ ይጻፍ፤ ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤትና ለመድን ሰጪውም ይገለጽ። የተነሣው አክስል ከነቸርኬው በመጋዘን ተቀምጦ እንደሆነ፣ ሻጩ ለገዢው አብሮ ቢያስረክበው መልካም ነው።