ለልጅ አንድ ግድግዳ

የደቡብ አፍሪካዊቷ ሠዓሊ የአስቴር ማህላንጉ ሙያ የጀመረው በቁጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለዱት እኚህ የንዴቤሌ ሴት የአሥር ዓመት ልጅ ሳሉ፣ እናታቸውና አያታቸው የቤቱን ግድግዳ ሲቀቡ ቆይተው ለዕረፍት ዞር ባሉ ቁጥር ጅምሩን በራሳቸው እጅ ይቀጥሉት ነበር። ተቆጧቸው። አልተው ሲሉ ግን እንግዳ የማያየው የጓሮ ግድግዳ ተሰጣቸው። መስመራቸው እየቀና ሲሄድ ወደ ፊት ለፊቱ እንዲመጡ ተፈቀደላቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 ያቺው እጅ የቢኤምደብሊው መኪና በንዴቤሌ ቅርጾች አስጊጣለች። ማስመሪያ አያውቁም፤ መሣያቸውም የዶሮ ላባ ነው።

የአዲስ አበባ ወላጅ ለዚህ ታሪክ ጆሮ ቢሰጥ መልካም ነው። የኮንዶሚኒየም ቁልፍ የተረከበ ቤተሰብ የልጆች ክፍል ሲያሰናዳ ቶሎ የሚቀናው የካርቱን ስቲከር ገዝቶ መለጠፍ ነው። ስቲከሩ ውሎ አድሮ ጫፉ ይላቀቃል፤ ሲነቀልም የቀለሙን ቅርፊት ይዞ ይወጣል። ልጁ ክፍሉን የሚያገኘው ካለቀ በኋላ ነው፤ ምንም አላዋጣበትም። ነገ በከለር ቢሞነጫጭርበት ምን ይገርማል? አንድ ግድግዳ መርጦ፣ ቀለል ያለ ቅርጽ ከልጁ ጋር ሆኖ መቀባት ከስቲከሩ በብዙ ይሻላል።

ለቅርጹ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሀላባ የሣር ክዳን ቤቶች በግድግዳቸው ሥዕል ይታወቃሉ። የሐረር ስፌት፣ የመሶብ ክዳን፣ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ሁሉ በሦስት ማዕዘንና በዚግዛግ የተሞላ ነው። እናት የነጠላዋን ጥለት ዘርግታ «ከዚህ የትኛውን እንውሰድ?» ብላ ልጇን ብትጠይቅ ግማሹ ሥራ አለቀ። ጥለቱን የሠራው ሸማኔም ቢሆን አንዲት ቅርጽ ይዞ፣ በሁለት ሦስት ቀለም፣ በእኩል ርቀት ነው የደጋገማት። ግድግዳ ከዚህ በላይ አይፈልግም።

አራቱንም ግድግዳ ማዥጎርጎር ግን ሌላ ጣጣ አለው። የአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ 24 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች አንዳንዴ በጌጥ በተሞላ፣ አንዳንዴ ጌጡ በተነሣለት ክፍል ተምረዋል። ጌጥ በበዛበት ሐሳባቸው ይበልጥ ይበታተን ነበር፤ የፈተና ውጤታቸውም በአማካይ 42 በመቶ ሲሆን፣ ጌጥ በሌለበት 55 በመቶ ደርሷል። ጥናቱ ስለ መማሪያ ክፍል ነው፤ በጠባብ ቤት ግን የቤት ሥራ የሚሠራውም እዚያው መኝታ ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ቅርጹ ከአልጋው ራስጌ ይሁን፤ ጠረጴዛው ፊት ያለው ግድግዳ ባዶውን ይቅር።

አሠራሩ ትዕግሥት እንጂ ልዩ ሙያ አይጠይቅም። መስመሩ በውሃ ልክ ይሰመር፤ ጣሪያን ተከትሎ ማስመር አያዋጣም፣ ልስኑ ራሱ የተንጋደደበት ቤት ሞልቷልና። ከዚያ የወረቀት ፕላስተር በመስመሩ ላይ ይለጠፍና ጠርዙ በጣት ተጭኖ ይታሸ። አዲሱ ቀለም ከፕላስተሩ ሥር ሾልኮ እንዳይገባ መጀመሪያ የነባሩን ግድግዳ ቀለም በጠርዙ ላይ በስሱ መቀባት ነው፤ ስንጥቁን የሚደፍነው እሱ ነው። ሲደርቅ አዲሱ ይቀባል፤ ፕላስተሩም ቀለሙ ጨርሶ ሳይደርቅ ቀስ ተብሎ ይላጣል። ልጅ የሚወደው ይህንን የመጨረሻውን ነው። የእሱ ሦስት ማዕዘን ተጣሞ ቢወጣ ይተውለት።

ተከራይ ደግሞ አከራዩን አስቀድሞ ያናግር፤ ሲለቅ አንድ ግድግዳ ነጭ መልሶ መቀባት ብዙ ወጪ አይደለም።

ሳይታለፍ መታየት ያለበት ቀለሙ ራሱ ነው። ሊድ የተባለው ከባድ ብረት የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን የለም ይላል። ይበልጥ የሚያሠጉት ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ የዘይት ቀለሞች ናቸው፤ ለልጅ ክፍል በብዛት የሚመረጡትም እነዚሁ ደማቆች ናቸው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘውን ሊድ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ገዢው ግን በላቦራቶሪ አይመረምርም፤ የሚያየው ቆርቆሮውን ብቻ ነው። እናም ቀለም አምራቾችና አስመጪዎች የሊዱን መጠን በቆርቆሮው ላይ በአማርኛ፣ በጉልህ ይጻፉልን፤ ተቆጣጣሪውም መደርደሪያ ላይ ያለውን እየወሰደ ያስመርምር።