ትምህርቱ ከምጡ ይቅደም

ሴት ወልዳ በሰላም ስትገላገል በአማርኛ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላታለን። ምሕረት የሚባለው ሞት ደጃፍ ደርሶ ለተመለሰ ሰው ነው። እንግዲህ ሕዝባችን የምጥን አደገኛነት አያውቅም ማለት አይቻልም፤ አሳምሮ ያውቃል። የማያውቀው፣ ወይም እኛ ተማርን የምንል ሰዎች ያላሳወቅነው፣ ከዚህ አደጋ አብዛኛውን አስቀድሞ መከላከል የሚቻል መሆኑን ነው።

እኛ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢዎች የአዋላጅነት ትምህርት ተማሪዎች ነን። ከመካከላችን ወንዶችም አለን፤ በዚህ የሚስቁብን ጓደኞች መኖራቸውን እናውቃለን፣ ይሳቁ። ለተግባር ልምምድ ወደ ቦዲቲ በወጣንበት ጊዜ የደረሰብንን አንድ ነገር ግን ሳንናገር ማለፍ አልፈለግንም። የመጀመሪያ ልጇን ላረገዘች፣ ዕድሜዋ ከዐሥራ ሰባት ለማይበልጥ ወጣት የአደጋ ምልክቶችን አንድ በአንድ በአማርኛ አስረዳናት። ራሷን በትሕትና እየነቀነቀች አዳመጠችን፤ እኛም ሥራችንን የፈጸምን መሰለን። ደጅ ቆመው ይጠብቋት የነበሩት አማቷ ግን የወላይታ ተወላጅ የሆነውን ጓደኛችንን ጠርተው «ምን አላችኋት?» ብለው በወላይትኛ ጠየቁት። ልጅቱ ምንም አልነገረቻቸውም፤ ምንም አልገባትም ነበርና። ጓደኛችን በዚያው ቋንቋ ሲያስረዳቸው እናቲቱ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ያዥጎደጉዱ ጀመር። ያን ጊዜ ማንን ማስተማር ይገባን እንደ ነበር ተገነዘብን። ምጡ ሲመጣ «እንሂድ» ወይም «ትንሽ እንቆይ» ብለው የሚወስኑት እኒያ እናት ናቸው።

የእናቶችን ሞት ምክንያት የሚመረምሩ ሊቃውንት ሦስት መዘግየቶችን ይቆጥራሉ፤ ይህንን ሐሳብ ታዴየስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ በሰፊው አስረድተውታል። የመጀመሪያው መዘግየት ቤት ውስጥ ነው፤ አደጋውን አለመለየት፣ ለይቶም ለመሄድ አለመቁረጥ። ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው፤ ከእንሰቱ ጓሮ እስከ አስፋልቱ ያለው ጭቃ፣ ቃሬዛው፣ የአምቡላንሱ መቆየት። ሦስተኛው በሕክምናው ቦታ ነው፤ የባለሙያ፣ የመድኃኒትና የደም እጥረት። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለማቃለል የመንግሥት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ይህንንም ከመጠየቅ ወደ ኋላ አንልም። የመጀመሪያው ግን ከትምህርት በቀር መድኃኒት የለውም። ከወሊድ በኋላ ብርቱ ደም የሚፈሳት እናት ካልታከመች በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ በምክክር የሚያልፈው ጊዜ ከእርሷ ዕድሜ ላይ የሚቀነስ ነው።

የተሠራውን ሥራ መካድ አይገባም። በሀገር አቀፉ የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ በ2000 እ.ኤ.አ. በሕይወት ለሚወለዱ 100,000 ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ጥናት ይህ ቁጥር ወደ 412 ወርዷል። በሕክምና ተቋም የሚፈጸመው ወሊድም በ2016 ጥናት ከመቶ 26 የነበረው በ2019 ወደ 48 ከፍ ብሏል። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የእናቶች ማቆያ ቤቶችና በነጻ የሚሰጠው የወሊድ አገልግሎት የዚህ ለውጥ ምክንያቶች ናቸው። ሆኖም በዚያው በ2019 ጥናት ከመቶ 52 የሚሆነው ወሊድ ከሕክምና ተቋም ውጭ የተፈጸመ ነበር። በ2016 ጥናትም ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጃገረዶች ከመቶ 13 የሚሆኑት ወልደው ወይም አርግዘው ተገኝተዋል።

ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1959 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ የመጡት በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። እዚያ ያጋጠሟቸው ግን ለቀናት በቆየ ምጥ ተጎድተው ሽንታቸውን መቆጣጠር የተሳናቸው፣ ከባልና ከጎረቤት የተለዩ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ በ1974 የአዲስ አበባን የፊስቱላ ሆስፒታል አቋቋሙ፤ በኋላም በየክፍለ ሀገሩ፣ ለእኛ በሚቀርበው በይርጋለም ጭምር፣ ማዕከሎች ተከፈቱ። ነገር ግን በመጠገን ብቻ ጉዳቱ አያልቅምና በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ ተመሠረተ። ከጥገናው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲኬድ አዋላጇ ትገኛለች። እኛ የምንለው ከአዋላጇም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንሂድ ነው። እዚያ የምትገኘው የስድስተኛ ወይም የሰባተኛ ክፍል ልጃገረድ ናት።

ይህች ልጅ ስለ ራሷ ገላ ምን ትማራለች? የወር አበባዋ መጀመሪያ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የነገራት የለም፤ በሽታ የያዛት ይመስላታል። ትምህርት ቤቱ ውሃና የሚዘጋ በር ያለው መጸዳጃ ከሌለው ቤት መዋል ትጀምራለች። ዐጥንቷ ሳይጠና ብትዳርና ብታረግዝ ምጡ ሊጠናባት እንደሚችል የሚነግራት አታገኝም። የሥነ ሕይወት መጽሐፍ ስለ መራቢያ አካላት ምዕራፍ አለው እንል ይሆናል። ግን በሁለተኛ ደረጃ ምዕራፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ደግሞም ብዙዎቻችን እንደምናስታውሰው «ይህን እቤታችሁ አንብቡት» ተብሎ የሚታለፈው ይኸው ምዕራፍ ነው። በትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ይታለፋል፣ በጤና ጣቢያ በአማርኛ ይነገራል፣ በቤት ውስጥ በወላይትኛ ዝም ይባላል።

ስለዚህ ነገር ማስተማር ልጃገረዶችን ያባልጋል የሚሉ ወላጆችና መምህራን አሉ። ፍርሃታቸውን አናቃልልም፤ ከፍቅር የመጣ ነው። ሆኖም ዩኔስኮ በ2018 እ.ኤ.አ. አሻሽሎ ባወጣው መመሪያ የተመዘኑት ጥናቶች እንዲህ ያለው ትምህርት ወጣቶችን ወደ ግንኙነት እንደማያቻኩል አሳይተዋል። ዝምታውስ ማንን ጠበቀ? ልጅቱ ከእናቷና ከመምህሯ ያላገኘችውን ከመንገድና ከስልክ ትለቅመዋለች። ወንዶቹም ልጆች ቢሆኑ ነገ ባል ሆነው የሚወስኑ ናቸውና ከክፍሉ ሊወጡ አይገባም።

እንግዲህ በበኩላችን ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ ለመምህርነት የምትማሩ ወንድሞችና እኅቶች ያን ምዕራፍ እንዳትዘሉት እንለምናችኋለን፤ አፍ ቢይዛችሁ አንድ አዋላጅ ወደ ክፍላችሁ ጥሩ፣ እኛም ከመምጣት አንሰንፍም። ሁለተኛ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ መጠይቅ ይዘን የእናቶችን ደጅ የምናንኳኳ ሁሉ ያገኘነውን መልስ በሚገባቸው ቋንቋ ይዘን እንመለስ። እስከ ዛሬ ጠይቀን እንሄዳለን እንጂ ነግረን አንመለስም፤ ይህ ጥፋት የእኛም ነው። መምህሮቻችንም ውጤቱ ለባለቤቱ ሳይነገር ጽሑፉን ባይቀበሉ መልካም ነው።

ሦስተኛው በማኅበራችን እጅ ያለ ነው። ይህን ጋዜጣ የምታባዛው መኪና አንድ ገጽ ወረቀት በወላይትኛ ብታባዛ ምን ይጎድልብናል? በዚያ ገጽ ላይ ቢያንስ ሰባት ምልክቶች ይጻፉ፤ ደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ትኩሳት፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ ከዐሥራ ሁለት ሰዓታት በላይ የቆየ ምጥ። ከሥራቸውም «ከእነዚህ አንዱን ስታዩ አትጠብቁ፣ ተነሡ» ይባል። የወላይታ ልጆች ለጊፋታ ወደየቤታችን ስንሄድ ወረቀቱን ይዘን ሄደን ማንበብ ለማይችሉት እናነብላቸዋለን። የሌላ አካባቢ ልጆችም በየቋንቋቸው ተርጉመው ይውሰዱት። ትርጉሙን የሚያርም መምህር ከተገኘ ስቴንስሉን የምንጽፈው እኛ ነን።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ቦዲቲ ደጅ ላይ ቆመው «ምን አላችኋት?» ብለው ለጠየቁን እናት መልስ አለብን፤ መልሱም ምራታቸው ምጥ ሳይዛት መድረስ ይኖርበታል።