የድንች ጥፋቱ ምንድን ነው?

የማክሮባዮቲክ አመጋገብ ተከታዮች ከማዕዳቸው የሚያርቋቸው አትክልቶች አሉ። ከእነዚህም ግንባር ቀደሞቹ ድንች፣ ቲማቲም፣ ደበርጃንና ቃሪያ ናቸው። ጃፓናዊው ጆርጅ ኦሳዋ (እ.ኤ.አ. 1893–1966) ያስፋፋው ይህ ሥርዓት ምግብን ሁሉ «ዪን» እና «ያንግ» በተባሉ ሁለት ተቃራኒ ኃይሎች ይመድባል። ያልተፈተገ ሩዝና ሌላው ሙሉ እህል የሚዛኑ ማዕከል ሲሆን፣ አራቱ አትክልቶች ግን «ዪን» ይበዛባቸዋል ተብለው ይወገዳሉ። አፍ የሚያቃጥለው ቃሪያ «ቀዝቃዛ» ከሚባለው ወገን መመደቡ በበርበሬ ላደግነው ለእኛ ሳያስገርም አይቀርም። ጥያቄያችን ግን አንድ ነው፦ ክልከላው የቆመው በምን ማስረጃ ላይ ነው?

በቅድሚያ ፍትሐዊ እንሁን። አራቱም አትክልቶች የሚመደቡት ሶላናሴ ከተባለው የዕፅዋት ቤተሰብ ነው። እምቧይ፣ አስተናግርና ትምባሆም የዚሁ ቤተሰብ አባላት በመሆናቸው ጥርጣሬው ከባዶ የመነጨ አይደለም። ድንችም ቢሆን ራሱን ከተባይ የሚከላከልበት ሶላኒን የተሰኘ መራራ መርዝ አለው። ይሁን እንጂ በዝምድና ብቻ አይፈረድም፤ ወሳኙ መጠን ነው። በአንድ ኪሎግራም ድንች ውስጥ የሶላኒንና የመሰሎቹ ድምር ከ200 ሚሊግራም እስካልበለጠ ድረስ ድንቹ ለምግብነት እንደሚሆን በአብዛኛው ይታመናል። በአግባቡ የተያዘ ድንች ደግሞ ዘወትር ከዚህ በታች ነው።

አደጋው የሚመጣው ድንቹ ብርሃን ላይ ሲቆይ ወይም ሲያቆጠቁጥ ነው። አረንጓዴው ቀለም ክሎሮፊል ስለሆነ በራሱ አይጎዳም፤ ቀለሙን ያመጣው ብርሃን ግን መርዙንም ያበዛል። መቀቀልም መርዙን አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ1969 ለንደን ውስጥ 78 ተማሪዎች ለረጅም ጊዜ ተከማችቶ የቆየ ድንች በልተው ታመሙ፤ 17ቱ ሆስፒታል ገቡ፤ ሁሉም ግን ዳኑ። በምክንያትነት የተጠረጠረው ሶላኒን ነበር። እንግዲህ መጣል ያለበት የአረንጓዴውና ያቆጠቆጠው ድንች እንጂ የድንች ዘር በሙሉ አይደለም። እነዚህ አትክልቶች የመገጣጠሚያ ሕመም ያባብሳሉ ለሚለው አባባልም እስካሁን አጥጋቢ ማስረጃ አልቀረበም።

መጠንቀቅ የሚገባው ምግብ የለም ማለታችን አይደለም። የአገራችን ጓያ ምስክር ነው። በችግር ዘመን ለወራት ዋነኛ ምግብ ሲሆን እግርን እስከወዲያኛው ሽባ ያደርጋል። ነገር ግን ስለ ጓያ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ መርዙን ለይቶ፣ ምን ያህል ሲበላና ለምን ያህል ጊዜ ሲዘወተር እንደሚጎዳ መርምሮ የተገኘ ነው። ከማንኛውም የምግብ ክልከላ የምንጠብቀው ይህንኑ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን ክልከላው ሲደራረብ የሚያስከትለው ጉዳት ነው። አዋቂ ሰው ቲማቲምን ትቶ ቫይታሚን ሲን ከጎመን ሊያገኝ ይችላል። ሥጋን፣ ወተትንና እንቁላልን ጭምር የተከለከለ ሕፃን ግን ምርጫ የለውም። በኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች በማክሮባዮቲክ አመጋገብ የሚያድጉ ሕፃናትን ተከታትለው የዕድገት መቀጨጭ፣ የአጥንት መለስለስና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት አግኝተውባቸዋል። ዕፅዋት ይህንን ቫይታሚን አይሠሩም፤ ሩዝም የቱንም ያህል ሳይፈተግ ቢበላ ሊተካው አይችልም።

ሙሉ እህልና ጥራጥሬ ማዘውተር በጎ ልማድ ነው፤ በዚህ ረገድ ከማክሮባዮቲክ ተከታዮች ጋር ጠብ የለንም። ሆኖም አንድ ምግብ «አትብሉ» ሲባል፣ ጎጂው ነገር ምንድን ነው? በምን መጠን? ለማን? ብለን እንጠይቅ። ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ የሌለው ክልከላ፣ ይልቁንም በሕፃንና በሕመምተኛ ማዕድ ላይ፣ ሥልጣን ሊኖረው አይገባም እንላለን።