ባል ወደ ቤት፣ ሚስት ወደ በረዶ

ዛሬ በጥያቄ ልጀምር። ባልና ሚስት ሆናችሁ አገር ለማየት ወጥታችኋል እንበል። የመመለሻው ቀን ሲደርስ ሚስት «አንተ ሂድ፣ እኔ ሥራዬን እዚህ አግኝቻለሁ» ብትል፣ ወንድሜ ሆይ፣ ምን ትመልስላታለህ? አንቺስ እህቴ፣ ይህን ቃል ከአፍሽ ለማውጣት ትደፍሪያለሽ?

እ.ኤ.አ. በ1901 በአንድ የስዊድን ቤተሰብ የሆነው ይህ ነው። አና ቦበሪ እና ባለቤቷ ፈርዲናንድ ከተጋቡ 13 ዓመት ሆኗቸው ነበር። እርሱ ስመ ጥር የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነው። እርሷ ደግሞ የሥዕል ትምህርት ቤት ሳትገባ በራሷ ጥረት የተማረች ናት። ለጉዞ ወደ ኖርዌይ ሰሜናዊ ክፍል፣ ሎፎተን ወደሚባሉት ደሴቶች ሄዱ። ፈርዲናንድ ወደ ሥራው ሲመለስ አና እዚያው ቀረች፤ የሥዕል ዕቃም አስላከች።

ሎፎተን ከአርክቲክ ክበብ በላይ ነው። ተራሮቹ ከባሕሩ ተነሥተው እንደ ግድግዳ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። በክረምቱ መካከል ለሳምንታት ፀሐይ አትወጣም። ይሁን እንጂ ሞቅ ያለ የውቅያኖስ ጅረት ስለሚያልፍበት ባሕሩ አይረጋም። ስለዚህም ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ኮድ የተባለው ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ይመጣል፤ ዓሣ አጥማጆችም ጀልባቸውን ይዘው ይጎርፋሉ። ብዙ ሰው በጋን የሚመርጥበትን አገር አና በክረምት መሳል ወደደች።

እስቲ ሥራውን በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። የውኃ ቀለም በዚያ ብርድ ወደ በረዶነት ስለሚለወጥ የሚያዋጣው የዘይት ቀለም ነው፤ እርሱም ቢሆን በብርድ ይወፍራል፣ ብሩሹን ይይዛል። ነፋስ ሲመጣ የተወጠረው ሸራ እንደ ጀልባ ሸራ ይነፋል። ጣት ይደነዝዛል፤ በወፍራም ጓንት ደግሞ ቀጭን መስመር ማውጣት የማይታሰብ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ብርሃኑ ነው። ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ በረዶው አንዴ ሮዝ፣ አንዴ ሰማያዊ ይሆናል፤ ሠዓሊዋ ቀለሙን እስክትቀላቅል ድረስ ያየችው ነገር ይጠፋል። አና ፀጉራም ቆዳ ለብሳ፣ ደጅ ቆማ፣ ወፈር ባለ ቀለም ፈጥና ትሥል ነበር። (እኔ በአዲስ አበባ የሐምሌ ብርድ እንኳ ብዕር መያዝ ያቅተኛል!)

በ1903 ሥራዎቿን በስቶክሆልም ስታሳይ የአገሯ ተቺዎች ቀዝቀዝ ብለው ተቀበሏት። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በፓሪስ ተወደደላት። በእነዚያ ሁለት ዓመታት መካከል ብሩሹን ብታስቀምጥ ኖሮ ማንም አይፈርድባትም ነበር።

አሁን ወደ ፈርዲናንድ እንመለስ። በስቶክሆልም ዛሬ የስዊድን መንግሥት ጽሕፈት ቤት የሆነውን ሮዘንባድን የነደፈ ሰው ነው። ይህ ሰው በስቮልቬር ወደብ ላይ ለሚስቱ አንዲት ትንሽ ጎጆ ነደፈላት። ይህ ነገር ልቤን ነካው። «እሺ፣ ሂጂ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ በምትሄድበት ቦታ የምታድርበትን ቤት ሠርቶ መስጠት ግን ሌላ ነው። አንዳንዶቻችን የትዳር ጓደኛችንን ፈቀድንለት እንላለን፤ ከዚያም ሲመለስ በኩርፊያ እንቀበለዋለን።

«ልጆቹስ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልጅ አልነበራቸውም። ስለዚህ የእነርሱን ኑሮ እንዳለ ገልብጡ ማለቴ አይደለም። መለያየቱም ዋጋ እንዳለው፣ የትዳር ጓደኛችሁ ለሥራ ሩቅ የሄደባችሁ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ግን ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ተጠያየቁ፦ ካገባን ወዲህ ለእኔ ብለህ የተውከው ሥራ አለ? አንቺስ?

አና ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ወደ ሎፎተን ተመላለሰች። በ1935 ስታርፍ ፈርዲናንድ በሕይወት ነበር፤ እስከ 1946 ኖረ። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ1901፣ የሣለችው የሰሜን ብርሃን ሥዕል ዛሬ በስቶክሆልም ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል።