በዓሣው ልክ የተሰፋ ሕግ

እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃ ብሉምና ፉድዎች የተባሉ ሁለት የአውሮፓ ሲቪክ ድርጅቶች በአምስት አገሮች ገዝተው ያስመረመሯቸው 148 የቱና ጣሳዎች አንድም ሳይቀር ሜርኩሪ የተገኘባቸው ሲሆን፣ ከግማሽ በሚበልጡት የታየው መጠን የአውሮፓ ኅብረት ኮድ የተሰኘውን ዓሣ ለመሳሰሉ ዝርያዎች ከፈቀደው በኪሎ 0.3 ሚሊግራም አልፎ ነበር። ይሁንና አብዛኞቹ ጣሳዎች ሕግ አልጣሱም፤ ኅብረቱ ለቱና ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ 1 ሚሊግራም ነውና። ክርክሩ መነሣት ያለበትም ከዚህ ልዩነት ነው፤ የተመጋቢው አካል የገባበት ሜርኩሪ ከየትኛው ዓሣ እንደ መጣ አይለይም።

ባዜቃ ተብሎም የሚታወቀው ይህ ብረት ከድንጋይ ከሰል ጭስ፣ ከወርቅ ማውጫና ከእሳተ ገሞራ ተነሥቶ ውኃ ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያዎች ሜቲልሜርኩሪ ወደሚባል ይበልጥ መርዛማ ውህድ ይለውጡታል። ትንሹ ዓሣ ያከማቸውን ትልቁ ስለሚወርሰው፣ ሌሎችን እያደነ ለዓመታት በሚኖር ቱና ሥጋ ውስጥ የሚገኘው መጠን በዙሪያው ካለው ውኃ እጅግ የላቀ ይሆናል። ውህዱ ከሥጋው ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ መቀቀልም ሆነ ዘይቱን ማፍሰስ አያስወግደውም፤ ከእናት ደም ወደ ፅንስ አልፎም በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ይጎዳል። በጃፓን ሚናማታ የቺሶ ኩባንያ ፋብሪካ ወደ ባሕር በለቀቀው ሜርኩሪ የተከሰተው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1956 በይፋ ቢታወቅም መንግሥት መንስኤውን ያመነው በ1968 ነበር። የጣሳው የራሱ ችግር ከዚህ ይቀላል፤ መገጣጠሚያው ይበየድበት የነበረው እርሳስ ወደ ምግቡ እንደሚገባ ሲታወቅ አምራቾች ዘዴያቸውን ለወጡ፣ አሜሪካም በ1995 ከለከለችው። በሥጋው ውስጥ ያለውን ግን ፋብሪካ ሊያጥበው አይችልም።

የዓለም የምግብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ በ2018 ለቱና የፈቀደው ሜቲልሜርኩሪ በኪሎ 1.2 ሚሊግራም ነው። እንዲህ ያሉ ጣሪያዎች የሚሰሉት በገበያ ላይ ያለው ዓሣ ምን ያህል ይዞ እንደሚገኝ ታይቶ፣ አብዛኛው እንዲያልፍ ተደርጎ ነው። በሌላ በኩል የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2012 አንድ ሰው በሳምንት ቢወስደው አይጎዳውም ያለው የሜቲልሜርኩሪ መጠን ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ 1.3 ማይክሮግራም ሲሆን፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 78 ማይክሮግራም ይሆናል። በኪሎ 1 ሚሊግራም የያዘ፣ ሕግ ያላጓደለ ቱና 100 ግራም ብቻ ቢበላ 100 ማይክሮግራም ወደ ሰውነት ይገባል። አንዱ ደረጃ ዓሣውን፣ ሌላው ሰውን ስለለካ ሁለቱ አይገናኙም፤ ጣሳው ላይ የሚታመነው ግን የመጀመሪያው ነው።

ይህ ማለት ቱና ሁሉ ይጣል ማለት አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ባሰባሰበው መረጃ መሠረት፣ በአብዛኛው ስኪፕጃክ ከሚባለው አነስተኛ ዝርያ የሚሠራው ቱና በአማካይ በኪሎ 0.13 ሚሊግራም ገደማ፣ አልባኮር የተባለው ደግሞ 0.35 ሚሊግራም ይይዛል፤ የሰርዲን መጠን ከሁለቱም እጅግ ያነሰ ነው። 15 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን የሳምንት ድርሻውን ከስኪፕጃክ በ150 ግራም፣ ከአልባኮር ግን በ56 ግራም ገደማ ይጨርሳል። ስለዚህ የዝርያው ስም ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ከንግድ ምልክቱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ ባሕር ስለሌላት የቱና ጣሳ ሁሉ ከውጭ የሚገባ ነው፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ለሊቃውንቱ ይቆይና፣ በጾም ወራት የቱና ሳንዱች የማይዘጋጅበት የአዲስ አበባ ካፌ ጥቂት ነው። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብን የመቆጣጠር ሥልጣን ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሰጥቷል። በዚህ ሥልጣን አስመጪው በጣሳው ላይ የዓሣውን ዝርያ በአማርኛ እንዲጽፍ ማስገደድ፣ ከየጭነቱ ናሙና ወስዶ ሜርኩሪውን መለካትና ውጤቱን ከነምርቱ ስም ማሳተም ይገባል።