ሦስተኛ አትበሏት

የለንደን ኦሊምፒክ በተነሣ ቁጥር ከመካከላችን አንዱ መቁጠር ይጀምራል፤ ጥሩነሽ ዲባባ በ10 ሺህ ሜትር፣ መሠረት ደፋር በ5 ሺህ፣ ቲኪ ገላና በማራቶን። ሦስት ወርቅ። ቆጠራውም እዚያው ላይ ያበቃል። ሶፊያ አሰፋን የሚያስታውስ ደኅና ሰው ቢገኝ እንኳ «አዎን፣ በመሰናክል ነሐስ ያመጣችው» ብሎ ያልፋል። ስሕተት ነው። ስሕተትነቱም ይፋ ከሆነ ዓመታት ተቆጥረዋል።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 2012 በተደረገው የ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ፍጻሜ ሩሲያዊቷ ዩሊያ ዛሪፖቫ ቀድማ ገባች፤ ቱኒዚያዊቷ ሐቢባ ግሪቢ ተከተለቻት። ሶፊያ በ9 ደቂቃ ከ9.84 ሰከንድ ሦስተኛ ሆነች። ኬንያዊቷ ሚልካ ቼሞስ 4 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ዘግይታ ባዶ እጇን ወጣች። እ.ኤ.አ. በ2016 የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት የዛሪፖቫን ውጤት ሰረዘ፤ የደም ምርመራ መዝገቧ ንጹሕ አልነበረምና። ወርቁ ወደ ግሪቢ፣ ብሩ ወደ ሶፊያ፣ ነሐሱ ወደ ቼሞስ ተሸጋገረ። ግሪቢ ወርቋን በዚያው ዓመት በአገሯ በክብር ተቀበለች። ቱኒዚያውያን ዛሬ «ሁለተኛዋ» ብለው አይጠሯትም። እኛ ግን «ሦስተኛዋን» አልተውንም።

በትርጉም ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝና ነገሩ ከወሬ አልፎ እጄ ድረስ መጥቷል። አንድ የስፖርት ጽሑፍ ስተረጉም «ነሐስ» የሚለውን «ብር» ብዬ አቀናሁት። አራሚው ወደ ነሐስ መለሰው፤ «አንባቢ የሚያውቀው ነሐስ መሆኑን ነው» አለኝ። እንግዲህ አንባቢ የተሳሳተውን ስላወቀ እውነቱ ይቀር ማለት ነው!

«ከዓመታት በኋላ በወረቀት የመጣ ሜዳሊያ ምን ሜዳሊያ ይባላል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው አስተዋይ ይመስላል፤ ነገር ግን ሩጫውንና ፍርዱን ያምታታል። የዘገየው ፍርዱ እንጂ ሶፊያ አይደለችም። እርሷ ከንጹሐኑ መካከል በዚያው ምሽት ሁለተኛ ነበረች። ወረቀቱ አንዳች አልጨመረላትም፤ የተወሰደባትን መለሰ እንጂ። ደግሞስ በጭብጨባው ሰዓት ከፍ ብላ መቆም የተነፈገችው እርሷ ሆና ሳለ በስሟም ላይ ዝቅታውን እንጨምርባትን?

ሩጫውም ቢሆን ቀላል አይደለም። ሯጯ 28 ጊዜ አጥር፣ 7 ጊዜ ደግሞ ከነውኃው ጉድጓድ ትዘላለች፤ አጥሩ በሌሎቹ የመሰናክል ሩጫዎች እንዳለው ሲነኩት የሚወድቅ አይደለም፤ የሚወድቀው ሰው ነው። ወንዶች ከ1900 ጀምሮ በኦሊምፒክ ሲወዳደሩበት ሴቶች የተፈቀደላቸው በ2008 ቤይጂንግ ላይ ነው። ከሶፊያ በፊት ኢትዮጵያ በዚህ ሩጫ የነበራት የኦሊምፒክ ሜዳሊያ እሸቱ ቱራ በ1980 ሞስኮ ላይ ያገኘው ነሐስ ነው። የሶፊያ ብር ስለዚህ የአገሪቱ ከፍተኛው ውጤት ሆነ፤ ለሜቻ ግርማ በ2021 ቶኪዮ ላይ እኩል ደረሰበት እንጂ እስከ ፓሪስ ድረስ ያለፈው የለም። ከሴቶች ደግሞ በሪዮም፣ በቶኪዮም፣ በፓሪስም ከሰገነቱ የወጣች ኢትዮጵያዊት አልታየችም። በዓለም ሻምፒዮናም በ2013 ሞስኮ ላይ ነሐስ ወስዳ ለነወርቅውሃ ጌታቸውና ለነመቅደስ አበበ በሩን የከፈተች እርሷ ናት። የ2013ቱ ግን በእርግጥም ነሐስ ነው፤ ምናልባት የሚያደናግረን እርሱ ይሆናል።

ስለ ሪዮ ካነሣን ዘንድ፣ ከዚያ ሩጫ ምን እናስታውሳለን? የእቴነሽ ዲሮን ጫማ። በማጣሪያው ተረግጦ ወለቀ፣ አውልቃ ጥላው ባንድ እግር ጫማ ጨረሰች፣ በይግባኝ ፍጻሜ ገባች። ያሳዝናል፣ ያኮራልም፤ አልነፍግም። ነገር ግን በዚያው ፍጻሜ ሶፊያ በ9 ደቂቃ ከ17.15 አምስተኛ ወጥታለች። ጫማው ታሪክ ሆነ፤ አምስተኛነቱ ግን የሚነግረው አላገኘም። ዕንባና ወርቅ እንወዳለን፤ በመካከል ያለውን፣ ከዓመት ዓመት ከምርጦቹ ጎን የሚሮጠውን ሰው እንዴት እንደምናወራው ገና አላወቅንበትም።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የለንደን ሜዳሊያዎች ዝርዝር ዳግመኛ ሲታተም ሶፊያ አሰፋ ከብሩ ረድፍ፣ ከደጀን ገብረ መስቀል አጠገብ ትጻፍ፤ ያለ ኮከብ ምልክት፣ ያለ ግርጌ ማስታወሻ።