ካምቢዮው ሲንሸራተት

እኛ በሙያችን አስተማሪ እንጂ መካኒክ አይደለንም። የዛሬውን ግን ገንዘባችን ስለነበረበት ተምረነዋል። አውቶማቲክ መኪና የምትነዱ፣ ወይም ለመግዛት እቁብ የጀመራችሁ፣ አንብቡት።

ስድስት ጎረቤታሞች በእቁብ የገዛናት ኮሮላ እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራች ናት። ከካኩማ 1 እስከ ካኩማ 4 ሰው ታመላልሳለች። አንድ ቀን ምጥ የያዛት እህት ጭና ላጋውን ስትሻገር ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ የለም። ጎማው አሸዋ ውስጥ በከንቱ የሚሽከረከር መስሎን ለመግፋት ወረድን። ለካስ ጎማው ጭራሽ አይዞርም! የሞተሩ ጉልበት እዚያ አልደረሰም። እህታችን በሌላ መኪና ሄዳ በሰላም ተገላገለች።

መካኒኩ ኮፋኖውን በቅጡ ሳይከፍት “ካምቢዮው አልቆለታል፣ ይውረድና ሌላ ይገዛ” አለን። የጠራው ዋጋ የመኪናዋን ግማሽ ያህላል። ማታ ተሰብስበን ልንጣላ ደረስን፤ ገሚሱ “ተሸጣ እንካፈል” አለ። ድሮ የጭነት መኪና ይነዱ የነበሩ አንድ አባት “ለመሆኑ ዘይቱን አይታችሁታል?” ሲሉ ሁላችንም ዝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማንዋል መኪና ፍሪሲዮኑን የምንረግጠው በእግራችን ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ግን የፍሪሲዮን ዲስኮቹን አጣብቆ የሚይዛቸው የዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል፣ ግፊቱ ይወድቃል፣ ዲስኮቹ ይንሸራተታሉ፣ ይግላሉ፣ ያርራሉ። ስለዚህ አልሄድ ሲል ቤንዚን አብዝቶ መርገጥ የቀረውንም መጨረስ ነው።

አባታችን እንዳሳዩን፣ መኪናዋ እስክትሞቅ ከተነዳች በኋላ ሜዳ ላይ ትቆማለች። የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ እግር ፍሬን ላይ ሆኖ፣ ማርሹ በየቦታው ገብቶ ወደ ፓርክ ይመለሳል። ሞተሩ ሳይጠፋ መለኪያው ይወጣል፣ ይጠረጋል፣ እንደገና ገብቶ ይነበባል። (ሞተር ጠፍቶ የሚለካላቸው መኪኖችም ስላሉ የመኪናችሁን መጽሐፍ ጠይቁ።) የእኛን ብናወጣው ጫፉ ብቻ ረጥቧል። የካምቢዮ ዘይት ደግሞ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከጎደለ አንድ ቦታ ይፈሳል። ከታች ስንገባ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ተሰነጣጥቆ አገኘነው። ቱቦውን ለውጠን፣ መለኪያው ላይ የተጻፈውን ዴክስሮን በትንሽ በትንሹ ጨመርን። የሞተር ዘይት አይሆንም። ከልኩ ማሳለፍም አረፋ ያስነሳል፣ መንሸራተቱም ይመለሳል።

ዕድለኞች ነበርን፤ ዘይቱ ገና ቀይ ነበር። ጠቁሮ የማረር ሽታ ካለው ዲስኮቹ ተበልተዋል፤ ያኔ ዘይት መጨመር አያድነውም፣ ካምቢዮው መውረዱ ነው። ወተት የገባበት ከመሰለ ደግሞ የራዲያተር ውኃ ስለገባበት መኪናውን አታንቀሳቅሱት። ዘይቱ ሙሉና ንጹሕ ሆኖ ከተንሸራተተ፣ እንደ እኛ ባሉ አሮጌ ቶዮታዎች ከሞተሩ ስሮትል ወደ ካምቢዮው የሚሄደውን ገመድ አስታዩ። ሲላላ ግፊቱን ይቀንሳል፤ ማስተካከሉ የቁልፍ ሥራ ነው።

አሁን በየእሁዱ በተራ መለኪያውን እናያለን። የፊታችን እሁድ ተራው የእኛ ነው።